እግሬን ስለ ሰበረው የአክብሮት ትእዛዝ

ለተከበሩ የገበያው የአነጋገር ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ ለአቶ ኃይለመለኮት
ጎጃም በረንዳ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በርበሬ ነጋዴዋ ዙህራ ጠይብ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከቀኝ እግሬ በቀር ደህና ነኝ።

፩ኛ፤ ኩሊዎች መንገድ ለማስለቀቅ ሁሉንም ሰው በደፈናው «ዞር በሉ» ማለታቸው ነውር ነው ብለው፣ ወንዱን «ጌታዬ»፣ ባለትዳሯን «እመቤቴ»፣ ያላገባችውን «ወይዘሪት» እያሉ፣ ለይተው በ«እርስዎ» እንዲለምኑ አዘዋል። እስከ ዛሬ ሳንከበር መኖራችንን ስላስታወቁን እናመሰግናለን። ብቻ ኩንታል ተሸክሞ ያጎነበሰ ሰው ከፊቱ የሚያየው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው፤ በዚህ ገበያ ደግሞ ወንዱም ሴቱም የሚጫማው ያው በረባሶ ነው። ያገባችውን ካላገባችው በተረከዝ የሚለዩበትን ብልሃት ከትእዛዙ ጋር አያይዘው ቢልኩልን ደግ ነበር።

፪ኛ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐምዱ የሚባለው ኩሊ ከነጭነቱ ከኋላዬ መጣ። ቀደም ሲል አንዲትን ሴት «ጌታዬ» ብሎ ጣቢያ ያደረ ሰው ስለሆነ፣ እመቤት ልሁን ወይዘሪት ሲያወጣ ሲያወርድ ደረሰብኝና እግሬን ሰበረው። እንደ ድሮው ቢጮህ ዘልዬ አመልጥ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስዘል ኖሬያለሁ።

፫ኛ፤ ያንገበገበኝ ይኸኛው ነው። ሐምዱ ጭነቱን ጥሎ በጀርባው አዝሎ ወጌሻ ቤት አደረሰኝ። ጭነቱን ሊያነሳ ሲመለስ ዘበኛዎ ያዘው፤ የያዘውም እግሬን ስለ ሰበረ ሳይሆን፣ ወድቄ ሳለሁ ደንግጦ «አንቺ» ብሎ ስለ ጠራኝ ነው። የናስ ቁጥሩን ነጠቁት፤ ያለዚያ ቁጥር በገበያው ውስጥ ጭነት መንካት አይፈቀድለትም፤ ሚስቱ ጠሂራም ይኸው ከነልጆቿ የጎረቤት እጅ እያየች ነው። ተሰደበች የተባልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ግን አልተሰደብኩም፣ አልከሰስኩምም። የተናደድኩት በእርስዎ ነው። ቁጥሩን ይመልሱለት።

በአሳቢነትዎ ብዛት በአንድ እግሯ ቆማ እጅ የምትነሳዎ፣
በደንብዎ መሠረት «እመቤት» የሆነችው፣
ዙህራ ጠይብ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ዕለት ገበያውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። የእርስዎ ማዕረግ ከእኔ ይልቅ ረዘም ይላልና፣ ኩሊዎቹ ሙሉውን ጠርተው እስኪጨርሱ ድረስ እርስዎ ግድግዳውን ተጠግተው እንዲሄዱ በትሕትና እመክራለሁ።