ከጀርባ ያለችው ማጥፊያ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ያ ብርድ ሲነካው የሚነዘንዝህ ጉልበትህስ ተሻለው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትልቋ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? ትንሹስ አሁንም ካልታዘልኩ አልተኛም ይላል? ሁላችሁንም ሰላም ያድርጋችሁ። እኔም እንደ ወጉ እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። ደህና አይደለንም። እናታችን ታማለች። አንተ እንዳታውቅ ተደርጓል፣ ከደበቁህ ሰዎች አንዷም እኔ ነኝ።

አትደንግጥ፤ ቆማ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ እኔንም እንደ ድሮዋ ትቆጣለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ስታጥፍ ግራ እጇ ከዳት፣ የፊቷም ግራ ጎን ወደ ታች ወረደ። ሐኪሙ የጭንቅላት ደም ሥር ነው፣ ቀለል ያለው ነው የያዛት፣ መድኃኒቷን ካላቋረጠች እየተሻላት ይሄዳል አለን። እጇ ተመልሷል። ፊቷ ግን ገና ነው፤ ግራ ዓይኗ በደንብ አይገጥምም፣ ስትስቅም የምትስቀው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለአንተ ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ። በስልክ ንግግሯ ከበድ ሲልብህ ጥርሴን ነው ያለችህ ለዚህ ነው። አንተም አመንካት። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ አዎ፣ ጥርሷን ነው አልኩ።

አሁን ጨጓራዬን ወደ ላጠው ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። እሑድ እሑድ አንተን የምታይበት እሱ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። የእኔ ስልክ ከወደቀ ወዲህ ካሜራው ጭጋግ ነው የሚያሳየው፣ የእሷ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው። በታመመችበት ሳምንት እሑድ ልከፍተው ብል ጭጭ አለ። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ደወልኩልህ። ሶኬቱ ተሰክቷል ወይ አልከኝ፤ ተሰክቷል አልኩህ። ነቅለሽ እንደገና ሰኪው አልክ፤ ነቅዬ ሰካሁ። ዲቫይደሩ ላይ የስልክ ቻርጀር ሞክሪ አልክ፤ ስልኩ ቻርጅ አደረገ። ገመዱን ቀይሪ አልክ፤ ከጎረቤታችን ከነርሷ ገመድ ተውሼ፣ ጠረጴዛው ሥር በሆዴ ተኝቼ፣ በዳበሳ ቀየርኩ። ነቅለሽ የፊቱን ቁልፍ ሠላሳ እስክትቆጥሪ ተጭነሽ ያዢ አልክ፤ ጮክ ብዬ ቆጠርኩልህ። ከዚያ ለአራተኛ ጊዜ፣ ውሸቴን አይደለም፣ ለአራተኛ ጊዜ፣ ሶኬቱ ተሰክቷል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ።

ወንድምዓለም፣ እኔ በቀን ስምንት ሰዓት የስፌት ማሽን ላይ የምውል ሰው ነኝ። ቀበቶው ሲላላ የማጠብቀው፣ ሞተሩ ሲያጓራ የማዳምጠው እኔው ነኝ። ሶኬት አውቃለሁ። ያን ቀን ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ኔትዎርክ ጠፍቶ አይደለም። እማ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሲሆን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ተይው ልጄ፣ ዕቃ ነው፣ ያረጃል ትለኛለች።

አልተውኩትም። ሰፈሩ አይሳነው እያለ የሚጠራውን ጠጋኝ አመጣሁ። የሞተ ሬዲዮ ያስነሳል የሚባልለት፣ የያዘውን ዕቃ ሳያበጅ አንቀላፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሻይ ላፈላለት ጓዳ ገብቼ ስመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳይከፍት ቆሞ አገኘሁት። ማዘር ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አይነሳም አለኝ። አንዲት ብሎን ሳይፈታ። ሻዩንም አልጠጣ፣ ዓይኔንም አላየ፣ ብቻ ወጥቶ ሄደ። በየመንገዱ ስሙን እያነሳሁ ስረግመው ከረምኩ። ለአንተ ስነግርህ ደግሞ ችግር የለም፣ አዲስ እልካለሁ አልከኝ። ይቺ ችግር የለም የምትላት ነገር ስንት ጊዜ ደሜን እንዳፈላችው አታውቅም።

ትናንት ከሥራ እንደተመለስኩ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ በታክሲ ልወስደው ቆርጬ ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ሳብኩ፣ እማ የሠራችለትን ዳንቴል ገለጥኩ። ጀርባው ላይ፣ ገመዱ ከሚገባበት ከፍ ብላ፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ማጥፊያ አለች። በአንድ ጎኗ ሰረዝ፣ በሌላው ክብ ተሥሎባታል። ወደ ክቧ ተጭናለች። ወደ ሰረዟ መለስኳት፣ የፊቱን ቁልፍ ነካሁ፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። መጀመሪያ በአንተ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ስታስደርገኝ ይቺን እንዴት ረሳሃት?

ዞር ስል እማ በሩ ላይ ቆማለች። ስክሪኑ ሲበራ እጇን አንስታ ግማሽ ፊቷን ሸፈነች። ካሜራው ገና አልተከፈተም፣ አንተም እዚያ የለህም፤ እሷ ግን ሸፈነች።

ያጠፋችው እሷ ናት። ወደ ውጭ አገር ስትሄድ አንተው ነህ አሉ ያስተማርካት፤ መብረቅ ሲመጣ ከጀርባው ይቺን ተጫኚ፣ ካለፈ በኋላ መልሺያት ብለሃታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሄደች ስትጫናት፣ ሲያባራ ስትመልሳት ኖራለች፤ እኔ አላውቅም። አንተ ያስተማርከውን ረሳህ፣ እሷ አልረሳችም። አይሳነውንም እኔ ጓዳ ሳለሁ እጁን ይዛ ለምናዋለች፤ ለልጄ ተቃጥሏል በላት ብላ። ልጄ እንዲህ ሆኜ አያየኝም፣ በሰው አገር ሥራው ላይ ቆሞ ይህን ፊት ሲያስብ አይዋል አለችኝ።

ጮህኩባት። በታመመች እናቴ ላይ ጮህኩ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኳት። መድኃኒቱ ያለው ሐኪም ቤት ነው እንጂ እሱ ጋ አይደለም አለችኝ። ቀጥላም አጥፊው አለችኝ። አጠፋሁት።

ሌሊቱን ሙሉ ለነገሯ መልስ ስፈልግ አደርኩ፤ ሲመጣልኝ የሚነገረው ለእሷ ሳይሆን ለአንተ ሆኖ አገኘሁት። ና ስንልህ መጀመሪያ የቤቱ ሥራ ይለቅ አልክ። ከዚያ ሥራው አዲስ ነው፣ ከዚያ ልጁ ሕፃን ነው። የዛሬ ዓመት፣ የዛሬ ዓመት እያልክ ስምንት ሞላ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉ ስሰማ አንተን የነኩብኝ ይመስለኝና ይከፋኝ ነበር። ያን ማክሰኞ እማን ደግፋ ታክሲ ውስጥ ያስገባችልኝ ነርሷ ናት። አንተ ያኔ ተኝተሃል፣ እዚያ ሌሊት ነው። ጥፋትህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ተናድጄብሃለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። አትቀየመኝ አልልህም። ከፈለግህ ተቀየም፣ ብቻ ተነሳ።

አዲስ ኮምፒውተር እንዳትልክ። እሱም ከጀርባው ማጥፊያ አለው። የትኬቱን ብር እዚያ ላይ አታቃጥል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስትደውል እሷ ከአጠገቤ ስለማትርቅ ነው። ዛሬ ስትደውል እንደ ልማዴ ጥርሷን ነው እልሃለሁ፣ የመጨረሻዬ ነው። መሐላዬን ማፍረሴን ግን አንተው ከእሷ ጋር ጨርስልኝ፤ ድሮም ለአንተ ነው የምትሸነፈው።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ነርሷ ናት፤ ነገ ለሥልጠና ወደ እናንተ ትመጣለች። ያልገባህን ጠይቃት፣ እሷ እንደኔ አትቆጣም። ባለቤትህን አጥብቀህ ሰላም በልልኝ፣ በእሷ ቅሬታ የለኝም። ትልቋን ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ። አይሳነው ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ወንድምሽን ሰላም በይልኝ ብሏል። የእማን ሰላምታ አልላክሁልህም፤ መጻፌን አታውቅም። እሱን መጥተህ ከራሷ ተቀበል።

እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ ከጠፋው ኮምፒውተር አጠገብ
እሑድ ሐምሌ 6 ቀን