በገጽ አርባ ሦስት ላይ ስለ መሞቴ

ለታዳጊዎች የዘመናዊ ግጥም መድበል አዘጋጅ ኮሚቴ
ባላችሁበት

የተከበራችሁ የኮሚቴው ሰብሳቢና አባላት፣ ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ በበኩሌ፣ በመጽሐፋችሁ ገጽ አርባ ሦስት ላይ ከመሞቴ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም ዳገቱን ስወጣ እንጂ ቁልቁለቱ ላይ አይደለም።

ጌጡ ዳና እባላለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ሸማ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የልጄ የሰርኬ ልጅ ሶሊያና፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ስለ እኔ የጻፈችውን ግጥም ከስንት ልጅ ግጥም መካከል መርጣችሁ ስላሳተማችሁላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወሰን እንዲኖረው የሚያደርጉትን ጥቂት ነገሮች ግን፣ የተማረ ሰው ቁጥር ይወዳል ሲባል ስለሰማሁ፣ በቁጥር አድርጌ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦

አያቴ አንድ እግር ጫማዬን ይደብቃል፤
ድመቷ ተጫምታው እንጦጦ ወጣች ይለኛል።
እኔም ይህን ያህል አድጌ
ድመቷን ፍለጋ ወደ ተራራው አያለሁ።
ደወሉ ተደወለ፣ አረፈድኩ፤
እሱ በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

በመጽሐፉ ላይ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች የሉም፤ በቦታቸው እነዚህ ገብተዋል፦

ዛሬ ጫማዬ በቦታው አለ፤
የሚደብቀው እጅ አፈር ለበሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያምሩ መስመሮች ናቸው። መነጽሬን አድርጌ ሳነባቸው ለራሴ አለቀስኩ። ደግ ሰው ነበር እኮ፣ አልኩ። ሐዘኑም ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አልለቀቀኝም።

፪ኛ፦ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት፣ አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት ከቢሯችሁ ደውላ፣ አያትሽ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ጤናቸውስ እንዴት ነው ብላ ሶሊያናን ጠይቃት ነበር። እኔ የዋሁ ሽልማት መጣ ብዬ ኮቴን አስተኮስኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ ጥርጣሬዬን ይቅር በሉኝና፣ ያን ዕለት በስልክ ልኬን ስትወስዱ ነበር።

፫ኛ፦ ይህን ከጠረጠርኩ በኋላ መድበሉን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ከሞት የተረፈ ሽማግሌም ፈልጌ አጣሁ። አንዱ ገጽ ላይ አያት ጭጋግ ውስጥ ትገባለች፣ ሌላው ላይ ከዘራ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። ወጣቶቹስ ብትሉ፣ ታክሲ የሚጋፋ፣ ስልኩ ቻርጅ የጨረሰበት፣ ሒሳብ የወደቀ ልጅ አንድም የለም፤ ሁሉም በመስኮት እያዩ ይተክዛሉ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው የተባለ ገጣሚማ ግጥሙን የሚጀምረው ስለ ሽበቱ በማውራት ነው። ይህ ልጅ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከኮሚቴው ስብሰባ ቀርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

፬ኛ፦ ጎረቤታችን ወይዘሮ የዓለምወርቅ ለወር ያህል አገር ቤት ከርማ እንደተመለሰች፣ ልጇ ገጽ አርባ ሦስትን ታነብላታለች። ወዲያው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ ይዛ፣ እያለቀሰች ደጃፌ ደረሰች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ከድንጋጤዋ ስትመለስ «ምነው ጋሽ ጌጡ፣ በሞት ይቀለዳል?» ብላ የተቆጣችው ደግሞ እናንተን ሳይሆን እኔን ነው። በእርግጥ ሰፈሩን ስቀልድበት ኖሬአለሁ፤ ባልቀለድኩት ቀልድ ስሰደብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለዚህም ዕድል አመሰግናለሁ። ንፍሮውን አብረን በላነው፤ ጨው አንሶታል።

አምስተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም። የሶሊያና አስተማሪ ግጥሙን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ከሁሉም ማለቂያው ይበልጣል ብሎ አሞገሳት። እሷ ቤት መጥታ «አባባ፣ በሕይወት ያለ ሰው ግጥም አይሆንም እንዴ?» አለችኝ። በማግሥቱ ጫማዋን ደበቅኩ። አልፈለገችውም፤ ስለ ድመቷም ሳትጠይቅ አሮጌ ሰንደል ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችም። እኔን መግደላችሁን በዕድሜዬ ምክንያት ልረዳላችሁ እችላለሁ፤ ይህን ግን የምረዳበት ዕድሜ ላይ ገና አልደረስኩም።

ቅዳሜ መጽሐፉን ስታስመርቁ ግጥሙን ከመድረክ እንድታነብ ጋብዛችኋታል። አልሄድም ብላ ነበር። እኔም፣ በተተኮሰው ኮቴ ፊተኛው ረድፍ ላይ እንደምቀመጥና እሷም ከራሷ ወረቀት የራሷን ማለቂያ እንደምታነብ ነገርኳት። ኮሚቴው ይህን ካልፈቀደና የታተመው ይነበብ ካለ፣ እጁ አፈር ለበሰ በተባለበት ቅጽበት ተነሥቼ በዚያው እጄ ለታዳሚው ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ሊያጽናናኝ የሚፈልግም ካለ እዚያው እቀበላለሁ። ሶሊያና ይህን ሰምታ «ድመቷንስ ማን ያመጣታል?» አለችኝ። ስለዚህ እንመጣለን። ሁለቱ መስመሮችም በሁለተኛው እትም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ፣ ወደፊትም ማለቂያ መቀየር ሲያምራችሁ የአያትን ጤና ሳይሆን የጸሐፊዋን ፈቃድ እንድትጠይቁ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ቀብሩ እስኪፈጸም ድረስ አክባሪያችሁ የሆነው፣
ጌጡ ዳና
ከጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ

ማሳሰቢያ፦ እኔም በስተርጅና ግጥም ጀምሬአለሁ፤ ስለ አንድ አዘጋጅ ኮሚቴ ነው። እስካሁን በጻፍኩት አባላቱ ሁሉ ደህና ናቸው። ማለቂያው ላይ ግን ገና ስላልወሰንኩ፣ የእያንዳንዳችሁን ዕድሜና የጤና ሁኔታ በስልክ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።