አባባ ከጣራ ያወረዱት ክዳን

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሱሌማን፣ ላይፕዚግ

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለየኸን አምስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? ምግቡ ተስማማህ? እኔ እህትህ ራሂማ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤህን ከፖስታ ቤት ስቀበል ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሁለቴ አነበብሁት። እማዬ ፎቶግራፍህን አይታ ከስቷል ብላ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ ማንን እንዳኮረፈች ግን እስካሁን አላወቅንም።

ስለማስተምርበት ትምህርት ቤት የሲሚንቶ የጣራ ክዳን የመለስህልኝን ለወላጅ ኮሚቴው አነበብሁላቸው። አስቤስቶስ የሚባል ክር እንዳለበት፣ ሲሰበርና ሲጋዝ ብናኙ ሳንባ ገብቶ ከዓመታት በኋላ እንደሚያሳምም ሲሰሙ ሳቁብኝ። የተሰነጠቀውን በመዶሻ አውርደው ስብርባሪውን ለየቤቱ ሊያከፋፍሉ ነበር። እማዬ እንኳ ለዶሮ ቤት አስባው ኖሯል።

አባባ ግን አልሳቁም። ያን ክዳን የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት እየጋዙ የመቱት እሳቸው ናቸው። ማታ ነጭ ብናኝ ለብሰው ሲገቡ እኔና አንተ ጋቢያቸውን እያራገፍን እንስቅ አልነበር?

ልጆች በሌሉበት ቅዳሜ ጧት መሰላላቸውን ይዘው መጡ። እንደጻፍኸው ደህናውን ሳይሰብሩ ቀለም ቀቡት፤ የተሰነጠቀውን ውሃ እያርከፈከፉ ምስማሩን ነቅለው አወረዱት። በላስቲክ ጠቅልለን ከሐይቁ ርቀን፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ወለሉንም ሳልጠርግ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክንዱ ሊያግዛቸው ቢወጣ፣ "አንተ ገና የምታሳድጋቸው ልጆች አሉህ፤ እኔ የዋጥሁትን ውጫለሁ፤ ውረድ!" ብለው መለሱት።

እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። አባባ ከጥቅምት ጀምሮ ያስላቸዋል፤ ጣራው ላይም የወጡት በዚያው ትንፋሽ ነው። ከቤት ሐይቁ ዳር እስኪደርሱ ሁለቴ ያርፋሉ። ሐኪሙ ሳንባቸውን በራጅ አይቶ አቧራ የጎዳው ነው አለ። ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ፈርተው ነው የደበቁህ። ደብዳቤህን ከእኔ ወስደው ትራሳቸው ሥር አኑረውታል፤ ማንበብ ባይችሉም የእጅ ጽሕፈትህን እያወጡ ያያሉ።

እማዬ እንባዋን እየጠረገች ሰላም ብላሃለች፤ በደንብ ብላ ትልሃለች። ትንሿ እህታችን ዘሊካ ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ብታያት አትለያትም፣ ሰላም ትልሃለች። ክንዱም ከነልጆቹ ሰላም ብሎሃል። አባባ ደግሞ "ደህና ናቸው ብለሽ ጻፊለት" ብለውኛል። አልጻፍሁም። ወንድሜ፣ ቶሎ ና።

እህትህ ራሂማ አደም
ባሕር ዳር፣ ሰኔ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.