አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ስሚኝማ ደብተሬ፦ አልፌያለሁ፤ ግን ተናድጃለሁ። በጣም።

ዛሬ ቀበና፣ ክለቡ፣ አራተኛ ፎቅ። የፖከር ውድድሩ የመጀመሪያ ማጣሪያ። ሦስት ቅዳሜ ማጣሪያ፣ ከዚያ እሑድ ፍጻሜ። አንደኛ የወጣ ናይሮቢ ሄዶ ትልቁ ውድድር ላይ ይቀመጣል፤ መግቢያውም የአውሮፕላን ትኬቱም በክለቡ። እኔ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ፓስፖርቴ ላይ አንድ ማኅተም የለም። መግቢያውን ከፋርማሲ ደመወዜ ከመስቀል በፊት ጀምሬ ነው ያጠራቀምኩት። አንድ መግቢያ። ሁለተኛ የለኝም።

ስለዚህ አንድ ነፍስ እንዳለው ሰው ተጫወትኩ። መጥፎ ካርታ ሲመጣ መጣል። መጠበቅ። መጣል። ጠረጴዛው ላይ ሴት እኔ ብቻ። ከግራዬ ኤርሚያስ። የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ነው፤ ሳቁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ገና ሳንሟሟቅ ያለውን ቺፕ፣ የመጫወቻ ገንዘቡን ማለት ነው፣ በሙሉ ወደ መሃል ገፋው። እኔ ሁለት አስ ይዣለሁ፤ የሚበልጠው የለም። ተቀበልኩት። ሲገልጠው ሰባትና ሁለት! በዚህ ጨዋታ ከዚያ የባሰ ካርታ የለም። ቺፑን ጠራርጌ ወሰድኩ። አለቀለት አልኩ።

ምን ያልቅለታል! ስልኩን አወጣ፣ ከፈለ፣ አዲስ ቺፕ ተሰጠው፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ አልቀዘቀዘም። እንደገና ገፋ። ሌላ ሰው አስወጣው። እንደገና ከፈለ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ፦

"አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬ እኔ ብዙ ነኝ።"

ብዙ ነኝ! ሰምተሻል?

እሑድ፣ ኅዳር 8

ትዕግስት ከቅዳሴ ተመለሰች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ኮንዶሚኒየሙ የሷ ነው፣ እኔ ጥገኛ ነኝ። የትናንቱን ነገርኳት። ከነገርኳት በኋላ ተጸጸትኩ። ቁማር ቤት ገብቶ ፍትሕ መፈለግ አረቄ ቤት ገብቶ ጠበል መጠየቅ ነው አለችኝ። ሳቋ ደግሞ! ሰሃኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ሰሃን ሳጥብ መልሱ መጣልኝ። ቁማርም ቢሆን ደንብ አለው። ደንብ ካለው ደግሞ ደንቡ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ልነግራት ስሄድ ተኝታለች። ይኸው አንቺ ስሚው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

እኔ ስላለፍኩ ዛሬ ክለብ መሄድ አልነበረብኝም። ሄድኩ። እግሬ ነው የወሰደኝ።

ኤርሚያስ አለ። ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በሦስቱም ቅዳሜ የፈለግከውን ያህል መግባት ትችላለህ፤ መጨረሻ ላይ ብዙ ቺፕ ያገኘህበትን ቀን መርጠህ ወደ ፍጻሜው ትወስዳለህ። የወደቀው ሁሉ ይረሳል። የፈተና ወረቀቱን ቀዶ ሌላ ወረቀት እንደሚሰጡት ተማሪ።

አዘጋጁን ጋሽ ሙሉጌታን ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። (ከዚህ በኋላ ጋ.ሙ.። ሙሉውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሏል።) ይህ ልክ ነው ወይ አልኳቸው። በትዕግሥት አስረዱኝ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንም አልተከለከለም፤ ኤርሚያስ በከፈለ ቁጥር የሁለተኛና የሦስተኛው ሽልማት ያድጋል፤ እሱን የመሰሉ ባይኖሩ የናይሮቢው ነገርም አይታሰብም።

"በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የኔ ልጅ።"

"እኔ ግን አንዴ ብቻ ነው የምገባበት።"

"እና ጥፋቱ የበሩ ነው?"

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ደረጃውን ስወርድ ጆሮዬ ይግል ነበር። በጽሑፍ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ከእሳቸው ወደ እሱ አውርጄዋለሁ። ፊት ለፊት ያው እርስዎ ነው የምለው፤ አሳዳጊ አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

እንጦጦ ፓርክ፣ ከቶሌራ ጋር። ቶሌራ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከተራራው ሥር ነው የተወለደው፣ ወላጆቹ እዚያው ያርሱ ነበር። ፖከርን አብረን ነው የተማርነው፣ በስልክ፣ በውሸት ቺፕ። ከክለቡ ሰው ሁሉ የማምነው እሱን ነው።

ዳገቱን ስንወጣ ሙሉውን ተናዘዝኩለት። እሱ በተቃራኒው። ኤርሚያስ በረከት ነው አለኝ። ሞኝ ደጋግሞ ሲገባ የሚጠቀመው ብልህ ነው፤ የሚበትነውን ቺፕ የምንለቅመው እኛ ነን፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንቺስ በማን ቺፕ አለፍሽ?

እውነት ነው። በሱ ቺፕ ነው ያለፍኩት። ቢሆንም! ይህ ጨዋታ ካርታ ብቻ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሰው ያለውን ሁሉ ሲገፋ ሊያጣው ስለሚችል ነው የምናምነው። ኤርሚያስ ምን ያጣል? እኔ ስሳሳት ቤቴ ነኝ። እሱ ሲሳሳት ልምምድ ነው። ይህን ባሕር ዛፉ እስኪሰማ ጮኬ ነገርኩት።

መሃል ላይ እናቱ ደወሉ። በኦሮምኛ ረጅም አወሩ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፊቱ ተቀየረ፤ እንዴት አለፍክ ብለውት ይሆናል። ከዚያ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ትናንት ጠዋት እኔ ሳልመጣ ወድቆ ሁለተኛ እንደገባ ነገረኝ። ያለፈውም በሁለተኛው ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዲህ ስለምታዪኝ።"

እንዴት ነው ያየሁት? አላውቅም። ጥዬው ወረድኩ። እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሬ። ታክሲ ውስጥ ራሴን ጠየቅሁ፦ ሁለተኛ መግቢያ ቢኖረኝ አልገባም ነበር?

መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ፍጻሜው። አለቀ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ካልተነበበልሽ ይቅርታ።

ኤርሚያስ ትናንት በመጨረሻው ማጣሪያ ቀንቶት የቺፕ ተራራ ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ውድቀት የት ገባ? የለም። ተረስቷል። እኔ በአንዷ መግቢያዬ ያገኘኋትን ይዤ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ካርታ አልመጣልኝም። በመጨረሻ ሁለት ኬ፣ ሁለት ንጉሥ፣ መጣ። ኤርሚያስ ካርታውን በወጉ ሳያይ ሁሉንም ገፋ። ከአስ በቀር የምፈራው የለም። ገባሁ።

ዘጠኝና አራት ገለጠ።

መሃል ላይ ዘጠኝ ወረደ። ከዚያ ሌላ ዘጠኝ።

ሦስት ዘጠኝ ሁለቱን ኬ በላቸው፤ ቺፔ አለቀ። ጋ.ሙ. ቀስ ብሎ መጣ። እስከ መጀመሪያው እረፍት ዛሬም መግባት ይቻላል አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው። ምን ይዤ? ይህን ሳስብ ኤርሚያስ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

"በኔ ይሁን! ትግባ፣ እኔ እከፍላለሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደው ይኸው ነው። ከልቡ ነው ያለው። አንድ ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ልንገርሽ? አፌ እሺ ሊል ነበር። ባዶው ፓስፖርት ዓይኔ ላይ መጣ። ከዚያ የሱን ቺፕ ይዤ ከሱ ጋር ስጫወት ታየኝ። ሳሸንፍም አመሰግናለሁ ልል፣ ስሸነፍም አመሰግናለሁ ልል።

"ወድቄያለሁ" አልኩት። "ተወኝ፣ ልውደቅበት።"

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ቀበና ድልድይ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከንዴት እንጂ ከሐዘን አይደለም፤ ይህን በደንብ ያዢልኝ።

ቶሌራ መልእክት ላከ። ሦስተኛ ወጥቷል። ናይሮቢ የኤርሚያስ ነው። አልመለስኩለትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ፋርማሲ። አንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ አወሳሰድ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሁለተኛውን በቁጣ ተናገርኩ። ደንገጥ አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይህ ነገር ከክለቡ ወጥቶ ሥራዬ ገባ ማለት ነው።

ማታ ለትዕግስት ስለ ዘጠኞቹ እንደገና ጀመርኩ። ጭልፋውን አስቀመጠች።

"ወይ ዝም በይ፣ ወይ የራስሽን አዘጋጂ። ጆሮዬ ደከመ።"

ስቄ ነበር። ከዚያ አልሳቅኩም።

ወሰንኩ። እዚሁ የካ አባዶ፣ የብሎካችን የጋራ ቤት ውስጥ። በእሑድ፣ በቀን። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ይገባል፤ የወደቀ ወደቀ፣ ማንም ይሁን። ሽልማቱ ዶሮ፤ ሁሉም እኩል አዋጥቶ የሚገዛ። ትዕግስት በጾም ዶሮ ስትሰማ አማተበች። እስከ ገና ማቆየት የአሸናፊው ዕዳ ነው አልኳት።

ለቶሌራ ደወልኩ። ስለ እንጦጦው ምንም አላልኩም፣ እሱም አላለም። ቺፑን እኔ አመጣለሁ አለ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

አሁን ተመለስኩ፣ ከጋራ ቤቱ ሁለት ደቂቃ ነው። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ሰው መጣ፣ ካሰብኩት በላይ። የብሎኩ ሰዎች፣ የቶሌራ የሥራ ባልደረቦች። ዶሮው ጥግ ላይ ታስሮ ይጮኻል። ልንጀምር ስንል በሩ ላይ ኤርሚያስ። ቶሌራ ነው የነገረው። ከቀበና ድረስ መጥቷል። ኮሌታውን እያስተካከለ ይቻላል ወይ አለኝ።

"ይቻላል። አንዴ።"

ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ነው! ካርታውን ያያል፣ ይጥላል። ያያል፣ ላብ ይጠርጋል፣ ይጥላል። ሳቁ የለም። ያልኩት ልክ ነበር፤ አንድ ነፍስ ብቻ ሲኖረው እሱም ይፈራል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ንዴቴ ተነሳ። ልቀጣው ፈለግሁ። ስምንትና አምስት ይዤ፣ በማይረባ ካርታ፣ ያለኝን ሁሉ ገፋሁበት፤ ይፈራል ብዬ።

ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ተቀበለኝ። ሁለት አስ።

ከሁሉም በፊት የወጣሁት እኔ ነኝ። በገዛ ውድድሬ! አንዷ ጎረቤታችን፣ ውድድሩ ያንቺ አይደል ወይ፣ ተመለሺና ተቀመጪ አለች። ሌሎችም አዎ አዎ አሉ። ቶሌራ ብቻ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ኤርሚያስ ቺፑን ሳይነካ እጁን አንስቶ ይጠብቃል፤ ልግባ ብል ቃል የሚተነፍስ አይመስለኝም።

ተነሳሁ። ወንበሬን ወደ ግድግዳው ወሰድኩት። ተናድጄ ነበር፣ አዎ፣ በራሴ። ግን ይህ ንዴት የኔ ነው። ማንም አልከፈለበትም።

ቶሌራ አሸነፈ፤ ዶሮውን ታቅፎ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ በፊት ግን ኤርሚያስ ወጣ። የመጨረሻ ቺፑን ሲያጣ እጁ በልማድ ወደ ስልኩ ኪስ ሄደ። ቆመ። ጠረጴዛውን አየ፣ በሩን አየ። መውደቅ አያውቅበትም። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው መጣ።

"አሁን ምን ይደረጋል?" አለኝ፣ ከልቡ።

"ምንም" አልኩት። "ቁጭ ብሎ ማየት ነው።"

ወንበር ጎትቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። አሁንም ተናድጄበታለሁ። ግን ስለ ዘጠኞቹ ምንም አላነሳሁበትም፤ ጨዋታውን እስኪያልቅ ጎን ለጎን አየነው።