የቀኙ ስፖኪዮ

አስኩዬ፣

ይቺ «ዬ» ከልማድ አምልጣኝ ነው እንጂ ተጣልተናል። ካረፍሽ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትሽንም እንደ ወጉ አወጣን፤ ጠላው ትንሽ ቀጥኖ ነበር፣ አንቺ ብትኖሪ ታሚን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ደግ ባል አለቀስኩልሽ። ባለፈው ወር ግን የሠራሽኝን ሥራ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ መቃብርሽ ጋ አልመጣሁም። ምነው ቀረ ብለሽ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሙሉ ከነልጆቿ ጠቅልላ እኛ ጋ ገብታለች። ቤንዚን አሁንም በኩፖን ነው፤ የእሁድ የመንዳት ተራችን ሲደርስ ኩፖኑ ያልቃል፣ ኩፖኑ ሲኖር ተራው የሰው ነው፤ ስለዚህ ካረፍሽ ወዲህ ነዳሁ ማለት አይቻልም። ያቺ ግሪኩ ባለጋራዥ አገር ሲለቅ የሸጠልን ሴይቼንቶ መኪናችን ግን እንደኔው ናት፤ ታስላለች እንጂ አትቆምም።

ነገሩ የጀመረው በፍየል ነው። የጎረቤታችን የፋጡማ ወጠጤ ከኒሙ ዛፍ ሥር በቆመችው መኪና በኩል ሲያልፍ ስፖኪዮው ውስጥ ራሱን አየ። ሌላ ወጠጤ መሰለው። ሸሸት አለና በቀንዱ አሳረፈበት። የግራውን ሰብሮ፣ አሸነፍኩ ብሎ ዞር ሲል ጠላቱ በቀኝ በኩል ቆሞ ጠበቀው። ፋጡማ እየጮኸች ስትደርስ ሁለቱንም ጨርሷል።

ከባቡሩ ጋራዥ አብሮኝ ጡረታ የወጣው አብዲ፣ ከጅቡቲ ከመጣ ዕቃ መሀል ሁለት ስፖኪዮ ፈልጎ አመጣልኝ። ለሌላ መኪና የተሠሩ ናቸው፣ ሰፋፊ፤ ሲገጠሙላት ሴይቼንቷ አህያ መሰለች። ስፖኪዮ ማስተካከል መቼም የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ያዞራል። ድሮ ውጭ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ። የግራውን «ወደ ላይ፣ አይ ወደ ውጭ፣ ኧረ መልሺው» እያልኩ ፀሐይ ላይ አቆምሽ ነበር። የቀኙን ግን አንድ ቀን ወደ ራስሽ ወንበር አዞርሽውና ከዚያ በኋላ እጄን አላስነካ አልሽ። ሻሽሽን የምታዪበት መስሎኝ፣ እንደ ሀብታም ሰፈር ሴት «የከዚራዋ ወይዘሮ» እያልኩ ቀለድኩብሽ። እየነዳሁ «ጋሪ አለ»፣ «ቁም»፣ «አሁን እለፍ» ስትይኝም ጭቅጭቅ መስሎኝ «ትራፊኳ» የሚል ስም አወጣሁልሽ። ሰው ፊት ደግሞ «እኔ በድሬዳዋ መንገድ ዶሮ እንኳ ነክቼ አላውቅም» ብዬ እፎክራለሁ። አንቺም አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ!

እንግዲህ አብዲ ውጭ ቆሞ ሁለቱንም ወደ እኔ አዞረልኝ። የቀኙን ለማየት አንገቴን እንደ ዶሮ መጠምዘዝ ሆነብኝ፤ ካልጠመዘዝኩ የሚታየኝ የገዛ አፍንጫዬ ነው። «አብዲ፣ ይሄ ለጭነት መኪና የተሠራ ነው» አልኩት። «አቦ ተወው፣ ዛሬ አትንዳ» አለኝ ዓይኑን እያሸሸ። መቼ ሰምቼው! ብቻዬን ወደ ሳቢያን ሰፈር ተነሳሁ።

ደቻቱ፣ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ስደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። የሆነ ነገር ጓ ሲል ዞር ብል፣ ፈረስ በአንቺ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ያየኛል። ካረፍሽ ወዲህ በዚያ ቦታ የመጣ የመጀመሪያው እንግዳ! እግዚአብሔር ይመስገን የተጎዳ የለም። ባለጋሪው ግን ወርዶ ጭንቅላቱን ያዘና «ወላሂ አባባ፣ አሁን ማን ሊያይልህ ነው የምትነዳው? ቀኝ ዓይንህ እንደማያይ ጋሪ ነጂ ሁሉ ያውቃል። የሚጠብቁህ እሜቴ ነበሩ» አለኝ።

ባለጋሪ፣ አስኩ! ባለጋሪ እንኳ ያውቃል!

አብዲን ቤቱ ሄጄ ያዝኩት። ጫቱን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ያኔ ዓይኔን ልታሳዪኝ የወሰድሽኝ ጊዜ ሐኪሙ እኔን ውጭ አስቀምጦ ለአንቺ ብቻ ነግሮሻል፤ ቀኝ ዓይኑ ቀስ በቀስ እየጨለመ ነው፣ አይመለስም ብሎ። አንቺም ክፉ ነገር ለባለቤቱ አይነገርም ብለሽ ለእኔ «አቧራ ነው» አልሽኝ፤ ማታ ማታም የዓይን ጠብታ አደረግሽልኝ። ለአብዲ ነገርሽ። ለሙሉ ነገርሽ። ለፋጡማ ነገርሽ። ለጋሪ ነጂዎቹም ሰማያዊዋን ሴይቼንቶ ስታዩ ራቅ በሉ ብለሽ አደራ አልሽ። እኔ ሞኙ ከተማው መንገድ ሲለቅልኝ አክብሮኝ መስሎኝ፣ እጄን በመስኮት አውጥቼ ሰላም እል ነበር!

ዓይኔ አይደለም ያንገበገበኝ፤ ዓይን ያረጃል። የኖርኩበት ጉራ የአንቺ ሥራ መሆኑን ለባለጋሪ ነግረሽ ለእኔ መደበቅሽ ነው። ሌላው ይክዳኝ፣ አንቺ? ነፍስሽ ልትወጣ ስትል እንኳ እጄን ይዘሽ «ዶሮዎቹን አደራ» አልሽኝ። ዶሮዎቹን! ስለ ዓይኔ ትንፍሽ አላልሽም።

ቁልፉን ለሙሉ ሰጠኋት። እሷም ከሴረኞቹ አንዷ ናት፣ ግን ሁለት ዓይን አላት። ባለፈው እሁድ ተራችን ሲደርስ እሷ መሪውን ያዘች፣ እኔ አንቺ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የቀኙን ስፖኪዮ ወደ እሷ ልታዞር እጇን ስትዘረጋ መታ አደረግኩት፤ ወደ ወንበርሽ መለስኩት። ከዚያ ሆኖ አንገትን እንደ ልብ መጠምዘዝ ይቻላል፤ ፊት ፊቱን የሚያይ ሌላ ሰው አለ።

ደቻቱ ስንደርስ ሳላስበው «ጋሪ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሙሉ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ እግሬ የሌለ ፍሬን ይፈልግ ነበር። መሪው በእጅሽ ሳይሆን አደጋ ሲመጣ ማየት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ በእያንዳንዱ ጉዞ ፈርተሽ ነበር። ፈርተሽም ከጎኔ ትቀመጪ ነበር።

ይሄ ግን ጥፋትሽን አያቀልልሽም። አንቺን አልረሳም፣ ቂሜንም አልረሳም፤ ሁለቱን አብሬ ይዤ እኖራለሁ። የቀኙም ስፖኪዮ ወደ ወንበርሽ እንደዞረ ይቆያል። እዚያ ስመጣ መጀመሪያ እንጣላለን፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዶሮዎቹ ደህና ናቸው።

ያኮረፈው ባልሽ