ባቡሯና የካርቶኗ ቤተ ክርስቲያን

ቡሬ፣ ኅዳር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ግራ ገብቶኛል። የሠራኋት ትንሽ የቆርቆሮ ባቡር ከካርቶን ያቆምኋት ቤተ ክርስቲያን ፊት ስትደርስ ደወል እንዲጮኽ ብዬ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ በፈታሁት ዕቃ ሽቦ ዘረጋሁ። ደወሉ ዝም ይላል፤ ባቡሯ ግን እዚያው ቆም ትልና ራሷ ትነሣለች። ባትሪ ብቀይርም ያው ናት። ሥራዬን ዞር ብለው አይተው የማያውቁት አባቴ፣ ቄሱ፣ ዛሬ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ምን ያስጨንቅሃል? ተሳልማ ነው የምታልፍ» አሉኝ። ነገ የደብሩን ካህናት ይዘው ሊመጡ ነው፣ ስትሳለም ሊያሳዩ።

እሳቸው እንደወጡ የላላ ሽቦ አገኘሁና አጠበቅሁት። ደወሉ ጮኸ፤ ባቡሯም ሳትቆም አለፈች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ይኸው ካቻቪቴውን ይዤ ያጠበቅሁትን ሽቦ እያየሁ ቁጭ ብያለሁ።