በማማ ቶኮ ስም ስለበላነው ድጎማ

ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም.
አይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ

ለክቡር አቶ ማናሴ ዱካሞ
የአነስተኛ ሱቆች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ጀፕስታውን

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤናውን እንዲያበዛ፣ ይህም ክፉ በሽታ ደጃፍዎን ሳያንኳኳ እንዲያልፍ፣ ከጀፕስታውን እስከ ትሮይቪል በምክርዎ የሚተዳደረው ወገንም መካሪውን እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ጉልበቴን ጎዳው እንጂ ሱቄ ክፍት ነው፣ መደርደሪያዬም ሙሉ ነው። መደርደሪያው የሞላው በእርስዎ ብልሃት ስለሆነ ምስጋናዬን ለብቻዎ ላቀርብ ደጋግሜ ደወልኩ፤ በደወልኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ሆኑብኝ። ስለዚህ አባላቱ ሁሉ በሚያዩት በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት አገሩ ሲዘጋ፣ መንግሥት በየሰፈሩ ላሉ ትናንሽ ሱቆች ድጎማ መደበ፤ ባለሱቁ ዱቄትና ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ከጅምላ አከፋፋይ የሚያነሳበት ድጎማ ነው። የተመደበው ግን ለአገሬው ተወላጅ ሱቆች ብቻ ነበር። ይህ ሕዝብ በገዛ አገሩ እንደ ልቡ እንዳይነግድ ተከልክሎ የኖረ ሕዝብ ነውና፣ መንግሥቱ በክፉ ቀን ቅድሚያ ቢሰጠው የሚፈርድበት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ማኅበራችን ግን ፈረደበት። ምስጋናዬን በቁጥር የማቀርበውም ከዚህ ተነስቼ ነው።

አንደኛ፣ በሌላ ሰው ስም መኖርን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በሚያዝያ በስልክ ባደረግነው ስብሰባ ላይ የየቤቱ ልጆች ጩኸት ጋብ ሲል፣ «ወገኖቼ፣ ቤት የምታከራያችሁ ሴት መታወቂያ የላትም እንዴ? ታዲያ መታወቂያዋ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ምን ይሠራል?» ብለው የተናገሩት ዛሬም በጆሮዬ አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የስልኬ ድምፅ ክፍት ስለነበር ሳቄን ሳይሰሙት አይቀሩም። በማግስቱ የእኔ ሱቅ በአከራዬ በማማ ቶኮ ስም እንዲመዘገብ ወረቀቱ ተዘጋጀ፤ ማማ ቶኮም ፈረመች። እንዴት እንደፈረመች ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፤ አሁን ምስጋናዬን እንዳላቋርጥ ይፍቀዱልኝ።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ስለ ድካሙ ብሎ ከመጣው ዕቃ ላይ ዘይት ዘይቱን መርጦ በመውሰዱ አመሰግናለሁ። ዱቄት ከባድ ነው፣ ሳሙናም ይሸታል፤ ሸክሙ የቀለለውንና ዋጋው የከበደውን መርጣችሁ እኛን አሮጊቶቹን ከመሸከም አሳርፋችሁናል። ዘይቱ የማንን ድስት እንዳሰማመረ አልጠይቅም።

ሦስተኛው ስለ ራሷ ስለ ማማ ቶኮ ነው፤ እርስዎ አይተዋት ስለማያውቁ ላስተዋውቅዎ። ማማ ቶኮ እኔ የምነግድባት ክፍል ያለችበት ግቢ ባለቤት ናት። ሚድራንድ ውስጥ የሰው ቤት እያጸዳች ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድግ ነበር። በሽታው ሲመጣ አሠሪዋ «እስክጠራሽ ድረስ እንዳትመጪ» ብላ አሰናበተቻት፤ እስከ ዛሬ አልጠራቻትም። ለአረጋውያን የሚሰጠውን ጡረታ እንዳታገኝ ስድሳ ዓመት አልሞላትም። የቀራት ተስፋ መንግሥት በዚህ ወረርሽኝ ሥራ ላጡ ሰዎች በየወሩ የሚሰጠው አነስተኛ ገንዘብ ብቻ ነበር። አመለከተች። የንግድ ባለቤት ስለሆነች አይገባትም የሚል መልስ በስልኳ መጣላት። ስህተት ነው ብላ ደግማ አመለከተች፤ መልሱም ተደገመ።

ምግብ ወደሚታደልበት ሜዳ ስትሄድ ደግሞ፣ ሰልፍ የሚያስከብሩት ወጣቶች «ሃይ ማማ፣ አንቺማ ባለሀብት ሆነሻል፤ ሰልፉን ለድሆች ልቀቂ!» ብለው መለሷት። የድጎማውን ዕቃ ያመጣው የመኪና ሾፌር ስሟን በመንገዱ ላይ ጮክ ብሎ ጠርቶ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ጎረቤቶቿ «ማማ ቶኮ፣ ያቺ ኢትዮጵያዊት ሠራተኛሽ ዱቤ ከለከለችን፤ እዘዣት እንጂ» ይሏት ጀመር። መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር፤ «ሰማሽ ሲሲ? ሠራተኛዬ ሆነሻል፤ በይ ተነሺና መሬቱን ጥረጊ» ትለኛለች፤ ሲሲ በእነሱ አፍ እህቴ ማለት ነው። በኋላ መሳቁን ተወች። «ስሜን ለምን ጠራው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ዕቃው የሚወርድበትን ቤት ለማወቅ ነው አልኳት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት በሱቁ መስኮት ብረት ማዶ ቆማ ፓፕ የሚሉትን ገንፎ የምታገነፋበት የበቆሎ ዱቄት በዱቤ ጠየቀችኝ። በስሟ የመጣው ዱቄት ከጀርባዬ እስከ ጣራው ተቆልሎ ነበር። «በወር መጨረሻ እከፍልሻለሁ፣ ሲሲ» አለችኝ። እኔም «ችግር የለም ማማ» አልኳት። የራሷን ዱቄት በዱቤ ሸጥኩላት። ደግሞም አመሰገነችኝ።

አራተኛ፣ በዚያው ሳምንት ጀፕስታውን ድረስ መጥቼ ስሟ እንዲሰረዝ በለመንኩዎት ጊዜ ስለሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። ከእኔ የራቀ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጭምብልዎን እንኳ ሳያወርዱ፣ «እትዬ በለጥሽ፣ የአንዲት ሴት እንባ አይተው የስንቱን ሱቅ ሊያዘጉ ነው? በየወሩ አንድ ጆንያ ዱቄት ይጣሉላት፤ ትረሳዋለች» አሉኝ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ በታክሲው ውስጥ ሳስበው ምክሩ ደግ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው እርስዎን ላሳጣ ብቻ እንዳይመስልዎ ነው፤ ምክርዎን ተቀብዬ ጆንያውን ይዤላት ሄጃለሁ። «ይህ ለምንድን ነው?» ስትለኝ «ለጉርብትና» አልኳት። አቅፋኝ ልትስመኝ ተነስታ በሽታው ትዝ ሲላት በክርኗ ነካችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዱቄቱን ሳይ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ።

አምስተኛ ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ። የእርስዎን ጥፋት ስፈልግ ያገኘሁት የራሴን ነው። እርስዎ ምክር ሰጡ እንጂ ወረቀቱን ይዞ ወደ ማማ ቶኮ ቤት የገባው የእርስዎ እግር አይደለም። መነጽሯ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ማሠሪያ ገንዘብም አልነበራትም። «ሲሲ፣ ይህ ምን ይላል?» አለችኝ። «የኪራይ ውል ነው፣ ማደሻው» አልኳት። የምትፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። የማኅበሩ ጸሐፊ ፊቤም ወረቀቱን ከመላኳ በፊት ደውላ «ሴትየዋ አውቃ ተስማምታለች?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይህን የጠየቀኝ ሰው ከመላው ማኅበር እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም «አዎ» ብዬ ዋሸኋት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ሆሳዕና አጠገብ የነበረችኝ መሬት፣ የባሌ ወንድም «የግብር ወረቀት ነው» ብሎ አውራ ጣቴን ባስነካኝ ወረቀት ወደ እሱ ስም ዞረች። ያን ጊዜ ነው ከገዛ ልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ሀሁ ያልኩት፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው የማላነበውን አያስፈርመኝም ብዬ ማልኩ። ሌላ ሰው አላስፈርምም ብዬ መማልን ግን ረሳሁ። እርስዎ በልጅነትዎ የተማሩ፣ በማያነቡት ወረቀት ተታለው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ይህን የሚያህል ጥፋት ባለማወቅ ሊያመካኙት ይችሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ምን እንደማደርግ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ ግቢውን ተሻግሬ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ልብስ ታሰጣ ነበር። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ድጎማው፣ ስለ ሾፌሩ፣ በዱቤ ስለወሰደችው ዱቄት አንድ በአንድ ስነግራት ማስጣቷን አላቆመችም። እንድትጮህብኝ፣ እንድትሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጪልኝ እንድትለኝ ተዘጋጅቼ ነበር። የመጨረሻውን ቀሚስ ሰቀለችና፣ «ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አለችኝ። ሲሲ አላለችኝም።

ስፓዛ በምንላቸው በእኛ የሰፈር ሱቆች ደንብ አከራይ ከኪራዩ ሌላ በየጠዋቱ አንድ ዳቦ ይደርሳታል። ከእሑድ ወዲህ ዳቦዋን አትወስድም።

እንግዲህ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። በመጪው ሰኞ እኔና ማማ ቶኮ ወደ መዝጋቢው ቢሮ አብረን እንሄዳለን። አብራኝ የምትሄደው ይቅር ስላለችኝ አይደለም፤ ጠይቄያታለሁ፣ አልመለሰችልኝም። ስሟ የእሷ ስለሆነ ሲመለስላት ቆማ ልታይ ነው የምትመጣው። እዚያም ሱቁ የእኔ የበለጥሽ አቢሶ መሆኑን፣ ያስፈረምኳትም አታልዬ መሆኑን በራሴ እጅ ጽፌ እፈርማለሁ። ያልተሸጠውን ዕቃ አስረክባለሁ፤ የተሸጠውን እየሠራሁ እመልሳለሁ። ሱቁን ቢዘጉት ይዝጉት፤ የእኔ ሱቅ ሆኖ ይዘጋ። ወረቀቴን አይተው ወደ አገሬ ቢመልሱኝም የሚመልሱኝ በስሜ ነው። የሌላ አባል ስም ከአፌ አይወጣም፤ የሌሎቹን አከራዮች ነገር ግን ለእርስዎና ለየባለሱቁ ሕሊና ትቼዋለሁ። ማኅበሩ የወሰደውን ዘይት በተመለከተ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ሱቄ ድረስ ቢልኩልኝ ከዕቃው ጋር አብሬ አስረክበዋለሁ፤ ካልላኩትም ቢሮው የት እንደሄደ ሲጠይቀኝ ከመናገር ሌላ ምርጫ እንደማይኖረኝ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

እርስዎ ያሳዩኝን መንገድ በገዛ እግሬ የሄድኩ፣ ሲስቁ አብሬ የሳቅኩ፣ በእርስዎ ላይ ልፈርድ ተነስቼ በራሴ ላይ የፈረድኩ፣ ለመጪው አዲስ ዓመትም ከጤና ጋር ጥቂት እፍረት እንዲሰጥዎ የምጸልይልዎ፣

አክባሪዎ
በለጥሽ አቢሶ
ባለሱቅ

ማስታወሻ፦ የማኅበሩ ደንብ «ማንኛውም ባለሱቅ ሙሉ አባል ነው» ይላል፤ በወረቀት ደግሞ እስከ ሰኞ ድረስ ባለሱቋ ማማ ቶኮ ናት። ይህን ስነግራት ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና፣ ቅዳሜ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝታ የማኅበሩን ሒሳብ መስማትና በሊቀመንበር ምርጫው ድምፅ መስጠት እንደምትፈልግ አሳወቀችኝ። ከፊት ወንበር እንዲያዝላት በትሕትና እጠይቃለሁ። መታወቂያዋን ከመሳቢያው አውጥታዋለች።